«ወላጆች እሺ ብለውናል» ይበቃል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የንግድ ድርጅት) አቋቁመን በዙም አማርኛና ሒሳብ እናስጠናለን። ስልሳ የሚሆኑ ተማሪዎች አሉን፤ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 15 ነው። አስተማሪዎቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ አካውንት ነው የሚገቡት። ትምህርቱን ቀድተን ለቀሩ ልጆች እናስቀምጣለን። አንዳንዴ ልጆቹ ፊደል ሲያነቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን፤ ወላጆችም በቴሌግራም ግሩፑ ላይ እሺ ብለውናል። ክፍያው በየወሩ ከካርድ ይቆረጣል። ማቆም የፈለገ ለባለቤቴ ይደውላል። ሰሞኑን አንድ ትምህርት ቤት አዲስ የመጡ ልጆችን አስጠኑልን ብሎ ውል ላከልን፤ ውሉ ውስጥ «ኮፓ» እና «ፈርፓ» የሚሉ ቃላት አሉ። እንደኛ ያለ ትንሽ ድርጅት ይመለከተዋል?

መልስ፦ ይመለከታችኋል። ትንሽ መሆናችሁ ከአንዳንድ ሕግ ያድናችኋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2025 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ሥራ ላይ የዋለው የሜሪላንድ የመረጃ ጥበቃ ሕግ በዋናነት የሚመለከተው ቢያንስ የ35,000 ሰዎችን መረጃ የሚይዙትን ነው፤ በስልሳ ልጅ እዚያ አትደርሱም። ኮፓ ግን ቁጥር አይጠይቅም። በ1998 የወጣ የፌዴራል ሕግ ሲሆን፣ ለሕፃናት የተዘጋጀ ማንኛውም የንግድ አገልግሎት ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆች በኢንተርኔት መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የወላጅ ፈቃድ እንዲይዝ ያስገድዳል። አስፈጻሚው የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) ነው። «የቤተ ክርስቲያናችን ሰንበት ትምህርት ቤትም በዙም ያስተምራል፤ ማን ጠየቀው?» እንዳትሉ፤ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በአብዛኛው ከኮፓ ውጪ ነው። እናንተ ግን ነጋዴ ናችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እናት ፎርም ላይ የልጇን ስምና ክፍል ብትሞላ፣ መረጃው የመጣው ከወላጅ ነው። ኮፓ የሚይዘው ከልጁ ከራሱ የሚሰበሰበውን ነው። ልጁ ካሜራውን ከፍቶ «ሀ ሁ» ሲልና እናንተ ስትቀዱት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከ2013 ጀምሮ የልጅ ምስልና ድምፅ ያለበት ቅጂ እንደ ግል መረጃ ይቆጠራል። ስለዚህ የእናንተ ችግር ያለው ምዝገባው ላይ ሳይሆን የተቀዱት ትምህርቶች ላይ ነው።

የቴሌግራሙ «እሺ» ደግሞ አይጠቅማችሁም። የኮፓ ደንብ የሚጠይቀው ሊረጋገጥ የሚችል ፈቃድ ነው። ግሩፑ ላይ እሺ ያለችው እናት ትሁን፣ አክስት ትሁን፣ ወይም የእናቱን ስልክ የያዘ የአሥር ዓመት ልጅ ይሁን በምን ታውቃላችሁ? እርስ በርስ መተዋወቃችን ጥሩ ነው፤ ለኤፍቲሲ ግን ማስረጃ አይሆንም። ተቀባይነት ካላቸው መንገዶች መካከል ወላጅ ፈርሞ የሚመልሰው ቅጽ፣ ሥልጠና ካለው ሠራተኛ ጋር የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪ፣ እንዲሁም ባለ ካርዱ ስለ እያንዳንዱ ክፍያ የሚነገረው የካርድ ክፍያ ይገኙበታል። ዕድለኞች ናችሁ፤ ካርድ ቀድሞም ትቀበላላችሁ። የመጀመሪያው ክፍያ ከመቆረጡ በፊት ምን እንደምትቀዱ፣ የት እንደምታስቀምጡና ማን እንደሚያየው የሚገልጽ ማስታወቂያ ለወላጅ በቀጥታ ላኩና ፈቃዱን ከክፍያው ጋር አያይዙት። አንድ ገጽ አማርኛ፣ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ይበቃል።

ቲክቶክ ላይ የለጠፋችሁትን አጥፉት። ይህን የምለው ሕጉ ሙሉ በሙሉ ስለሚከለክል አይደለም፤ የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል ሲሳሳት ማሳየት ለእናንተ ከሚያመጣው ተማሪ የሚያመጣው ጣጣ ስለሚበዛ ነው። በ2025 የተሻሻለው ደንብ፣ የልጁን መረጃ ለሌላ ወገን ለመስጠት ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ወላጅ «ቅዱ፣ ግን አታሰራጩ» ማለት መቻል አለበት። ይኸው ማሻሻያ ቅጂዎችን ላልተወሰነ ጊዜ ማስቀመጥን ይከለክላል፤ መቼ እንደምታጠፉ በጽሑፍ መወሰን አለባችሁ። አብዛኛውን ለማሟላት የተሰጠው የመጨረሻ ቀን ሚያዝያ 22 ቀን 2026 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ቅጣቱ በ2025 ስሌት ለአንድ ጥሰት እስከ 53,088 ዶላር ይደርሳል።

ሁሉም አስተማሪ በአንድ አካውንት መግባቱን ስሰማ ቼግ የሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት ትዝ አለኝ። በ2018 የዚህ ድርጅት የ40 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ የወጣው፣ ሥራውን የለቀቀ አንድ ኮንትራክተር ብዙ ሰው በጋራ በሚጠቀምበት መግቢያ ገብቶ ነው። ለእያንዳንዱ አስተማሪ የራሱን መግቢያ ስጡት፤ ሲለቅ በዚያው ቀን ዝጉት።

ቼግን ካነሳን ክፍያውንም እንጨርስ። ሮስካ የሚባለው የ2010 ሕግ በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ ያለበት የኢንተርኔት ንግድ ሁሉ ውሉን የካርድ ቁጥር ከመቀበሉ በፊት በግልጽ እንዲያሳይና ደንበኛው በቀላሉ እንዲያቆም ያዛል። ባለቤትሽ ስልክ እስኪያነሳ መጠበቅ ቀላል አይባልም። ቼግ በዚሁ ጉዳይ በ2025 7.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ድረ ገጹ ላይ «አቁም» የሚል ቁልፍ አድርጉ።

የትምህርት ቤቱ ውል ሌላ ነው። ፈርፓ የተማሪዎችን የትምህርት ቤት መረጃ የሚጠብቅ የ1974 ሕግ ሲሆን በቀጥታ የሚያስረው ከፌዴራል የትምህርት መሥሪያ ቤት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችን ነው፤ እናንተን የሚይዛችሁ በውሉ በኩል ነው። የተማሪውን መረጃ ለማስጠናቱ ብቻ ትጠቀሙበታላችሁ፤ ለሌላ አትሰጡም። ትምህርት ቤቱ ስለ ወላጅ ሆኖ የኮፓ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን ለትምህርት ዓላማ ብቻ ይሠራል። ኤድሞዶ የሚባለው ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የኢንተርኔት አገልግሎት ይህን ድንበር አልፎ የተማሪዎችን መረጃ ለማስታወቂያ ስለተጠቀመበት በ2023 የ6 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተወስኖበታል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የሚመጡትን ልጆች ፎቶም ሆነ ድምፅ ለራሳችሁ ማስታወቂያ በጭራሽ አትንኩ።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ አንቀጽ ፈልጉ። አንዳንድ የትምህርት ቤት ውሎች የተማሪ መረጃ ከአሜሪካ ውጪ እንዳይቀመጥ ወይም እንዳይታይ ይከለክላሉ። እንዲህ ያለ ቃል ካለበት፣ አዲስ አበባ ያሉት አስተማሪዎቻችሁ ያንን ክፍል ማስተማር አይችሉም። ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ። እሺ ካላሉ ለዚያ ክፍል እዚህ ያለ አስተማሪ ቅጠሩ፤ ዋጋውንም ሳትፈርሙ አስተካክሉ፤ የሜሪላንድ የሰዓት ክፍያ እንደ አዲስ አበባው አይደለም።