«ያንቺ እናት አይደለችም፣ የኔ ናት»

ውድ ጠያቂያችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የእናትዎንም ነፍስ ይማር።

ለሌሎች አንባቢያን ጉዳዩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጠያቂያችን ልጃቸውን በሁለት ዓመቱ ለእናታቸው አደራ ሰጥተው ቤሩት ሄዱ፤ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርተው ሲመለሱ ልጁ አያቱን «እማዬ»፣ እሳቸውን ግን በስማቸው እየጠራ ጠበቃቸው። አያት ካረፉ ስምንት ወር ሆኗል። ከሰማንያው ተዝካር በኋላ ጠያቂያችን የሟችን ልብስ ለነዳያን ሰጡ፤ ልጁ ታቅፎት የሚያድረውን ጋቢም አጠቡት። ልጁ ጋቢው ታጥቦ እንዲደርቅ ተሰጥቶ ሲያየው፣ «ምን አገባሽ! ያንቺ እናት አይደለችም፣ የኔ ናት» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ አብሯቸው አይበላም። ጥያቄያቸው «በሞተች እናቴ መቅናቴ ኃጢአት ነው ወይ? ሙት ዓመቷስ ሲደርስ እንዴት ላስባት?» የሚል ነው።

በቅናቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ለልጅዎ ብለው በተሰደዱበት ዘመን የልጅዎን ልብ ሌላ ሰው እንደያዘው ማየት ያማል፤ ያ ሰው የሚወዷቸው እናትዎ መሆናቸው ሕመሙን ያወሳስበዋል እንጂ እርስዎን ክፉ አያደርግዎትም።

ይልቅ ልጁ ከሁለት አንዳችሁን መምረጥ ያለበት አይምሰልዎ። ተመራማሪዎቹ ሩዶልፍ ሻፈርና ፔጊ ኤመርሰን በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ 60 ሕፃናትን ተከታትለው በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ዓመት ተመንፈቅ ሲሞላቸው ከእናታቸው ሌላ ከአባት፣ ከአያት ወይም ከሌላ የቅርብ ሰው ጋር ጽኑ ቁርኝት መመሥረታቸውን አሳይተዋል። በአያት እጅ ያደግን ሰዎች ይህን ያለ ጥናትም እናውቀዋለን። ስለዚህ «እማዬ» የሚለውን ስም ለማስለወጥ አይሞክሩ።

ስለ ጋቢው ግን በግልጽ መናገር ይኖርብኛል። ለንጽሕና ብለው እንዳደረጉት አልጠራጠርም፤ ልጁ ግን ከአያቱ የቀረውን ጠረን ሳይጠየቅ አጥቷል። ስለዚህ ምክንያት ሳይደረድሩ፣ ማስተማሪያም ሳያክሉበት፣ «ሳልጠይቅህ ማጠቤ ልክ አልነበረም» ብለው ይቅርታ ይጠይቁት፤ የቀረ ነጠላ ወይም መቁጠሪያ ካለም በእሱ እጅ ይሁን። ቀደም ሲል ብዙ ባለሙያዎች የሐዘን ግብ ከሟች መላቀቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ የሐዘን ተመራማሪዎቹ ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን በ1996 እ.ኤ.አ. ይህን አመለካከት ሞግተው፣ ሐዘንተኛ ከሟች ጋር ያለውን ትስስር በሌላ መልክ ይዞ መቀጠሉ ጤናማ ሊሆን እንደሚችል አስረድተዋል። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ለሚያወጣ ሕዝብ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእናትዎን ሕይወት ሙሉውን የሚያውቅ ሰው በቤታችሁ የለም። ወጣትነታቸውን፣ እርስዎን ሲያሳድጉ የነበረባቸውን ችግር፣ ቁጣቸውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት፣ ጉልበታቸው ሲደክም በየትኛው ደረጃ ላይ ቆም እንደሚሉ፣ ለትምህርት ቤት ምሳ ሲቋጥሩ ምን እንደሚሉ የሚያውቀው ልጁ ነው። ስለዚህ ይጠይቁት። ቡና ተፈልቶ ወይም አብራችሁ ሽሮ እየለቀማችሁ ሳለ፣ «እኔ በሌለሁበት ጊዜ እማዬ ማታ ማታ ምን ታወራህ ነበር?» ማለት በቂ ነው። ባይመልስ አይጫኑት፤ ልጆች ሐዘናቸውን በትንሽ በትንሹ ያወጡታልና ነገ በሌላ ወሬ መካከል ሊያነሣው ይችላል። እርስዎም በተራዎ የሚያውቁትን ይንገሩት፤ ሙት ወቃሽ ላለመባል ብለው ውዳሴ ብቻ አይደርድሩ፤ እርስዎን በልጅነትዎ እንዴት እንደቀጡዎት ቢነግሩት ምናልባት «እኔንም!» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ያ ሳቅ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ያን ሁሉ ዘመን የላኩትን ገንዘብ ግን በዚህ ወቅት አያንሡበት፤ እውነት ቢሆንም እንደ ዕዳ ጥያቄ ይሰማዋል።

ወንድምና እህቶችዎ ለሙት ዓመቱ ስላሰቡት ትልቅ ድግስ የጻፉትን አንብቤያለሁ፤ የድግሱ መጠን የአቅም ጉዳይ ነውና ተነጋግራችሁ ወስኑ። የምለምንዎት የሚታተመውን ፎቶግራፍ ልጁ እንዲመርጥ፣ ከአያቱ የቡና ጓደኞች ማን ማን መጠራት እንዳለበትም እሱ እንዲናገር ነው፤ ከማናችሁም በላይ የሚያውቃቸው እሱ ነውና።

በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ፣ ብርቱ ናፍቆቱና ሥቃዩ ከስድስት ወር በላይ ሳይረግብ ቆይቶ የዕለት ኑሮን የሚያውክ ሐዘን ሕክምና የሚያስፈልገው ሊሆን እንደሚችል ያስቀምጣል። አብሮ አለመብላቱ ብቻ ይህን አያሳይም። ነገር ግን ትምህርቱን ከተወ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም «እሷ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ማለት ከጀመረ ሙት ዓመቱን ሳይጠብቁ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት፤ ሲጠሩም አብረውት ይግቡ።