ቤታችሁ ከጨለመባችሁ ጠይቁ፦ ስለ መስኮትና በር ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ጤና ይስጥልን። ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ላይ ቤት በመሥራት ነው የምተዳደረው። ሰሞኑን «ቤቴ ጨለመብኝ» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ። ቤቱ የጭቃ፣ የድንጋይ ወይስ የብሎኬት እንደሆነ፣ በሩም ወዴት እንደሚያይ ጨምራችሁ ጻፉልኝ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ የብሎኬት ቤት ልጀምር ነው። ትልቁን መስኮት ወዴት ላድርገው? መንገዱ በሰሜን ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደ መንገዱ አዙረው ይለኛል።

ወደ ደቡብ አድርገው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው፤ በታኅሣሥ ቀትር ላይ እንኳ ከአናታችን 33 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ውርጭ የሚያንቀጠቅጠንም በዚሁ ወቅት ነው። ደቡብን የሚያይ መስኮት ብርሃኑንም ሙቀቱንም አንድ ላይ ያስገባልሃል። ሰሜኑ ፀሐይ የሚደርሰው በክረምት ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመናው መች ይገለጣል? ለመንገዱ በሩንና አነስ ያለ መስኮት ስጠው፣ ይበቃዋል።

ያው ጠያቂ፦ በጋ ላይ አያቃጥልም?

2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠህ? ደብረ ብርሃን ውስጥ ሙቀት አማረረኝ የሚል ካገኘህ ላክልኝ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለእኛ ቆላዎቹስ?

ለእናንተ ሌላ ነው። የምዕራቡን መስኮት አሳንሱት፤ የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣሪያው ክፈፍም አይመልሳትም። በሰሜንና በደቡብ ሰፋ አድርጋችሁ በረንዳ አውጡለት።

ከመንዝ፦ እናቴ ያለችው በድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፣ መስኮቷ ጭንቅላት አታስወጣም። ላስፋልሽ ስላት ብርድ ይገባል ብላ እምቢ አለች።

እናትህ እውነታቸውን ነው። ያ ግድግዳ ቀን የሞቀውን ይዞ የሚያድር ስለሆነ በትልቅ ቀዳዳ አታበላሸው። ቤቱን ያጨለመው የመስኮቱ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ከጎንና ከጎን የሚመጣውን ብርሃን የግድግዳው ውፍረት ይጋርደዋል። ስለዚህ የውጪውን ተወውና የውስጡን ጠርዝ ግራና ቀኙን በሰያፍ አስጠርብ። ለምሳሌ ውጪ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውስጥ ሲደርስ 90 ይሁን። የታችኛውንም ጠርዝ ወደ ውስጥ ቁልቁል አዘንብለው። ከዚያ በጭቃና ጭድ ለስነው፣ ሲደርቅ ኖራ ቀባው። ያን ጊዜ ብርሃኑ በነጩ ላይ እየነጠረ እስከ መደቡ ይደርሳል።

ከመጥረብህ በፊት ግን ጉበኑን እይ። ከላይ ያለው እንጨት አዲሱን ስፋት አልፎ በየጎኑ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ማረፍ አለበት። ካልደረሰ ረዘም ያለ ይግባ፤ እስኪገባ ድረስም ላይኛው በባላ ይደገፍ። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ አንዱ ከወረደ ሌላውን ይጠራል። ጥላሸቱንም ከግድግዳው አስጠርግላቸው፤ ጥቁር ግድግዳ የገባውን ሁሉ ይውጠዋል።

ከደብረ ሲና፦ ሳሎኔ ረጅም ነው፣ ጀርባው ቀንም አምፖል ይፈልጋል። መስኮቱን ወደ ጎን ላስፋው?

ወደ ላይ ከፍ አድርጊው እንጂ። ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የመስኮቱን አናት ከፍታ ሁለት፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። አናቱ 2 ሜትር ላይ ከሆነ ከ5 ሜትር ወዲያ ጨለማ ነው። ወደ ጎን ብታሰፊው መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ይደምቃል፣ ጀርባው እንደነበረው ይቀራል።

ከደብረ ብርሃን፦ በሬ ድፍን ላሜራ ነው። ስዘጋው ጨለማ፣ ስከፍተው ብርድ።

የላይኛውን ግማሽ አስቆርጠህ ፍርግርግ አስበይድበት፣ ከውስጥ 4 ሚሊ መስታወት አስገባ። ዳሩን በስቱኮ በደንብ ድፈነው። ከውጪ እንዳያዩህ ብለህ ግን ያንን የሚያንጸባርቅ መስታወት አትግዛ። ንጹሕ መስታወት ከብርሃኑ 90 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል፤ እሱ ግን ብዙውን አያስገባም። ፎቅ ላይ ያምራል፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ገንዘብ ከፍሎ ጨለማ መግዛት ነው።

ከአንኮበር፦ ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ላስገባ?

ለማድ ቤትና ለዕቃ ቤት ጥሩ ነው፣ አንዱ ቅጠል ይበቃል። ለመኝታ ቤት አልመክርም። ፀሐይ ያጠወልገዋል፣ በረዶ ይሰነጥቀዋል፣ ሌሊት የቤቱ እንፋሎት ሥሩ ላይ ጤዛ ሆኖ አልጋህ ላይ ይንጠባጠባል። ኮርኒስ ካለህማ እሱንም መቅደድ ልትገባ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ መስኮቴ ፊት ለፊት ጎረቤቴ ግንብ ገትሮብኛል።

ጎረቤትህን አስፈቅደህ በአንተ በኩል ያለውን ገጽ ነጭ ቀባው። በሌላ በኩል አዲስ መስኮት ማውጣት ካሰብክ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ጠይቅ።

ከመሐል ሜዳ፦ መስታወቱ ሌሊት ብርድ አያስገባም? ልጆች አሉኝ።

ያስገባል እህቴ። ከውስጥ የእንጨት መዝጊያ አሠሪና ፀሐይ እንደጠለቀች ዝጊው፤ ካልሆነ ወፍራም መጋረጃ አድርጊ። የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር አሳልፊው። አለበለዚያ ጠዋት ብትሰበስቢውም ጨርቁ የመስታወቱን ዳርና ዳር እንደሸፈነ ይውላል።