ሁለት ሌሊት

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከልጄ አልጋ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ20 ሆኗል። አሁን ጣቱን ወግቼ ስኳሩን ለካሁት፤ 94 ነው። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን እየወረደ ያለ 94 ይሁን ባለበት የቆመ፣ መለኪያው አይነግረኝም። ክንድ ላይ የሚለጠፈውን መለኪያ እስካሁን አላገኘንም። ስለዚህ ለ9 ሰዓት ከሩብ አላርም ሞልቻለሁ። ለዚህች ለአንድ ሰዓት ተኝቼ ከመነሳት መጻፉ ቀለለኝ።

ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለበት ያወቅነው ከ10 ወር በፊት ነው። ውኃ ጠጥቶ አይረካም ነበር፤ ዳይፐሩ ቶሎ ቶሎ ይሞላል፤ ጉንጩ ሟሸሸ። ማስመለስ ሲጀምረው “ሆዱን ነው” ተብለን ሽሮፕ ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። በማግስቱ እንደሮጠ ሰው ሲያለከልክ አቅፈነው ወጣን። አራት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አላውቅም። ቀኑም ምግብ በቀረበ ቁጥር መለካት፣ ማስላት፣ መውጋት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከወጋሁት በኋላ አልበላም ይለኝ ነበር። ኢንሱሊኑ ገብቷል፤ እሱ አፉን ገጥሟል፤ እኔ ማንኪያ ይዤ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ እለምናለሁ። አሁን ፈጣኑን ኢንሱሊን እንደበላ ወዲያው እንድሰጠው ሐኪሙ ስለፈቀደልኝ እሱ እንኳ ተሻለኝ።

የባለቤቴ እህት ልጁን በጣም ትወደዋለች። ለወላጆች የሚሰጠውን ትምህርት አብራን ተከታትላለች፤ እኔ ቆሜ እያየሁ ብዙ ጊዜ ወግታዋለች። ባለፈው ሳምንት “ሁለት ሌሊት ለእኔ ተዉትና የሆነ ቦታ ሄዳችሁ ተኙ” አለችን። ባለቤቴ ደስ ብሎት ፈቃድ ጠየቀ፣ ሆቴል ያዘ። ጥሩ ሰው ነው፤ መድኃኒት አልቆብን አያውቅም፣ ቀጠሮ አያሳልፍም። መርፌ ማየት ስለማይችል ፊቱን ያዞራል እንጂ በሌላው አይታማም።

እሺ አልኩ። ከዚያ ማታውን ሳለቅስ አደርኩ። አማቴ ሰምተው “የታመመ ልጅ ጥሎ ሽርሽር? ሰው ምን ይላል?” አሉ። እውነታቸውን ይሆን እላለሁ። ባለፈው ወር አላርሙ ጮኾ ጮኾ ሳልሰማው ቀረሁ። 11 ሰዓት ላይ ደንግጬ ብነቃ ትራሱ በላብ ርሷል፤ ስኳሩ 43። ቀስቅሼ ጭማቂ አጠጣሁት፤ በ15 ደቂቃ 78 ገባ። አጠገቡ ሆኜ ይህ ከደረሰ፣ ርቄ ሄጄ ምን ሊመጣ ነው?

ሌላም አለ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንዳንድ ቀን በሩን ከፍቼ ወጥቼ ዝም ብዬ መሄድ ያምረኛል። ሁለት ሌሊት ከሄድኩ መመለስ ያስጠላኝ ይሆን ብዬም እፈራለሁ።

አላርም የሞላች እናት

መልስ

እህቴ፣

ሂጂ። ግን ከመሄድሽ በፊት የምነግርሽ አለኝ፤ አንዱ ምናልባት ደስ አይልሽም።

በትራሱ ልጀምር። ያን ሌሊት እንደ ጥፋትሽ ቆጥረሽዋል። እስቲ እንደ ሌላ ሰው ሆነሽ ደብዳቤሽን አንብቢው። ቤት ነበርሽ፤ እጅሽን ብትዘረጊ ትነኪዋለሽ። ሆቴል አልሄድሽም። 300 ሌሊት ያህል በየሁለት ሰዓቱ የተነሳ ሰው አንድ ቀን አላርም አለመስማቱ ከሰው የሚጠበቅ ነው፤ ደግሞም ይደገማል። ነገ አንቺ ራስሽ ትኩሳት ይዞሽ ብትተኚስ? ልጅሽን የሚያስፈራው ነገር ስኳሩን የሚጠብቅለት ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ አንቺ ጭራሽ አልቆረስሽም። ያንቺን ድርሻ ማጣት ብቻ ቢሆን በምርጫሽ በተውኩሽ ነበር። እዚህ ግን የጎደለው ከልጁም ነው።

አሁን ደስ የማይልሽ። “መርፌ ማየት ስለማይችል ፊቱን ያዞራል እንጂ” ብለሽ ያለፍሽውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እህቱ ተምራ የወጋችውን ልጅ አባቱ አልወጋውም ማለት ነው። ባልሽን ለመክሰስ አይደለም፤ መርፌ የሚፈራ ሰው በእውነት ይፈራል፣ ላብ የሚያጠምቀው አለ፣ የሚወድቅም አለ። ቢሆንም ሆቴሉን የያዘው እጅ መለኪያውንም ሊይዝ ይችላል። አለበለዚያ ሁለት ሌሊት ታርፊና ስትመለሺ ያው 8 ሰዓት፣ ያው አንቺ።

ስለዚህ ከጣት ይጀምር። የሌሊቱን ልኬት አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እሱ። ተራ ያልደረሰው ሌላ ክፍል ይተኛ፤ ስልኩንም ይዝጋ። መርፌውን ቀስ ብሎ ይድረስበት። በኢንሱሊን ብዕር ጫፍ ላይ ለሕፃናት የሚመረጠው መርፌ ርዝመቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፈሪ ሰው በሐሳቡ ከሚያየው በጣም ያንሳል። አንዳንድ ነርሶች ወላጅን ሲያስተምሩ መድኃኒት የሌለበት መርፌ በራሱ ሆድ ላይ ያስሞክሩታል። በቀጠሮ ቀን ይህን አድርጉልኝ ብሎ እሱ ራሱ ይጠይቅ፤ አንቺ አትጠይቂለት።

ወደ እህቱ ልመለስ። ዕድለኛ ነሽ። እኔ እናቴን ባስታመምኩ ጊዜ ቤቱ በጠያቂ ይሞላ ነበር። “አይዞሽ፣ በርቺ” ብሎኝ የሚሄደው ብዙ ነው፤ “አንቺ ተኚ፣ እኔ ልቀመጥ” ያለችኝ አንዲት ጎረቤት ብቻ ናት። የሰማንያው ሰው ስም ጠፍቶኛል፣ የእሷ አልጠፋኝም።

ግን በቀጥታ ወደ ሁለት ሌሊት አትዝለሉ። መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጧት፤ ምግብና መርፌ ያለበት ሰዓት ይሁን እንጂ ልጁ የሚተኛበት አይሁን። ቀጥሎ እሷ እናንተ ቤት ትደር፣ ልጁ በለመደው አልጋ ይተኛ፣ አንቺ ሌላ ክፍል ገብተሽ በሩን ዝጊ። አላርሙ ሲጮህ ትሰሚያለሽ። አትነሺ። ያቺ ሌሊት ከሆቴሉ ይልቅ ትከብድሻለች፤ ካለፈች ግን ሌላው ይቀላል። የተያዘው ሆቴል ቀኑ ይገፋ፤ ካልተገፋም አንድ ሌሊት ብቻ እደሩበት።

የምትጽፊላትን በአንድ ወረቀት ላይ አድርጊውና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ደብተር አትስጫት፤ የደነገጠ ሰው ገጽ አይገልጥም። ከ70 በታች ከሆነ ሐኪማችሁ የወሰነላችሁን ያህል ጭማቂ ወይም ስኳር ትሰጠዋለች፣ በ15 ደቂቃ ደግማ ትለካለች። ራሱን ከሳተ ወይም እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው በአፉ ምንም አይገባም፤ በጎኑ አስተኝታ ግሉካጎን (የወረደ ስኳርን በፍጥነት ከፍ የሚያደርገውን መድኃኒት) ትወጋዋለች፣ አምቡላንስ ትጠራለች። የግሉካጎኑን መጠን ለእሱ የታዘዘውን ጻፊላት፤ ለዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የአዋቂው ግማሽ ነው። ካስመለሰው ወይም ካተኮሰው “አልበላም” ብላ ኢንሱሊኑን በራሷ አታቋርጥም፤ ለሐኪም ትደውላለች። በወረቀቱ ላይ የሐኪሙ ቁጥር ከአንቺ ቁጥር በላይ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ግን ነርስ የማታውቀው ነው። ስኳሩ ሲወርድ ይነጫነጫል ወይስ ዝም ይላል? ከንፈሩ ይገረጣል? ጨዋታውን ትቶ ይተኛል? የሁለት ዓመት ልጅ “ደከመኝ” ብሎ አይናገርም። አንቺ ፊቱን አይተሽ የምታውቂውን ያንን በራስሽ ቃል፣ በሁለት መስመር ጻፊላት። ጽፈሽው ስታነቢው ምን ያህል እንደምታውቂ አንቺም ይገርምሻል።

ስልክን በተመለከተ በቁርጥ ተስማሙ። በተወሰነ ሰዓት ቁጥሩን ብቻ ትላክልሽ፤ አንቺም “አየሁ” ብለሽ ብቻ መልሺ። 210 ስታይ እጅሽ ያሳክክሻል፣ አውቃለሁ። ልጁ ደህና እየተጫወተ፣ ሳያስመልሰው፣ አንድ ማታ ትንሽ ከፍ ቢል ሐኪሙ ባስተማራት መንገድ ታስተካክለዋለች። ያንቺ ልክ የሚሆንለት ሰው የለም፤ አክስትነቷ ይበቃል።

አማትሽ የፈሩት ለልጁ ይሁን ለይሉኝታ፣ ከደብዳቤሽ መለየት አልቻልኩም። ምናልባት ሁለቱንም ነው። እንዲህ ንገሪያቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ከተማ አንዲት መነኩሴ በጠና የታመመች ትንሽ ልጅን ወላጆቿ እንዲያርፉ ብለው ለጥቂት ቀናት ወደ ገዳማቸው ወሰዷት። ከዚያ ተነስቶ በ1982 በልጅቷ ስም ሄለን ሃውስ ተከፈተ፤ በዓለም የመጀመሪያው የሕፃናት ሆስፒስ፣ ማለትም በጠና የታመሙ ልጆችና ወላጆቻቸው እንክብካቤና እረፍት የሚያገኙበት ቤት ነው። ልጅሽ በሽታው ከእሷ ጋር አይገናኝም፤ እሱ ስኳሩ እየተጠበቀ ያድጋል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ያገባል። የማነሳው የወላጅን እረፍት አንዲት መነኩሴ እንደ ቁም ነገር መቁጠራቸውን አማትሽ እንዲሰሙት ነው። ካልተዋጠላቸው አትከራከሪ። በዚያን ቀን ልጁ ጋ መጥተው ተረት እንዲነግሩት ጠይቂያቸው፤ ሥራ ያገኘ ሰው ወቀሳው ይቀንሳል።

በሩን ከፍቶ የመውጣቱ ምኞት፣ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የሚያመጣው ነው። ብዙ አስታማሚ ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ። መመለስ አያስጠላሽም። ነገር ግን ሐሳቡ ከመሄድ አልፎ ባልኖር፣ ባይኖር ወደ ማለት ከዞረ ያን ቀን ለባልሽ ንገሪውና ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የልጁን ቀጠሮ አትጠብቁ።

ሆቴሉ ስትደርሺ ምን እንደምታደርጊ አልጠየቅሽኝም፤ እንዲያው ልንገርሽ፣ ትተኛለሽ። ባልሽ ምናልባት ሻማ አብርቶ፣ ጥሩ ልብስ ለብሶ ይጠብቅ ይሆናል። አስቀድመሽ ንገሪው። በመጀመሪያው ቀን ትጣሉም ይሆናል፤ ለ10 ወር ለመጣላት እንኳ ጊዜ አልነበራችሁም።

ስትመለሺ ልጅሽ አይቶሽ እንዳላየ ፊቱን ያዞርብሽ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ጤነኛውም ያደርገዋል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጭንሽ ላይ ይወጣል። ያኔ ጣቱን ለመውጋት እንዳትነሺ። ተራው የአባቱ ነው።