ስም እየጠፋብኝ ነው፤ የእናቴ ሕመም ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 49 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ከተዛባ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ቃላት ይጠፉብኛል። በቀደም ለዓመታት አብሬው የሠራሁትን ባልደረባዬን ላስተዋውቅ ስል ስሙ ጠፋኝ፤ ማታ ፊቴን ስታጠብ መጣልኝ። ልጆቼም ቴሌቪዥኑን ታስጮኺዋለሽ እያሉ ይቆጡኛል። እናቴን በ78 ዓመቷ የመርሳት ሕመም ጀመራት። እኔም ላይ ደረሰ ይሆን?

መልስ፦ እናቱ በዚህ ሕመም ስትያዝ ያየ ሰው አንድ ስም በጠፋው ቁጥር ልቡ እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ነገር ግን ስሙ ማታ መጥቶልዎታል። ዘገየ እንጂ አልጠፋም። ይህ ወደ ማረጥ በሚቃረቡ ሴቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ለማሕፀን ብቻ ሳይሆን ለማስታወስ ለሚያገለግሉ የአንጎል ክፍሎችም ያስፈልጋል፤ መጠኑ ከፍ ዝቅ ሲል ቃል እንደ ልብ አይገኝም። ሌሊት በላብ ተጠምቀው የሚነቁ ከሆነ የእንቅልፍ እጦቱ ይጨመርበታል። ጊዜው ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። ከ65 ዓመት በፊት የሚጀምር የመርሳት ሕመም ጥቂት ነው፤ የእናትዎ ሕመምም ዕድልዎን በመጠኑ ከፍ ቢያደርገው እንጂ ፍርድ አይደለም።

የሚያውቁት መንገድ ከጠፋዎት፣ የለመዱትን ሒሳብ መሥራት ካቃተዎት፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው እንደሚጠይቁ ቤተሰብ ከነገረዎት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ። ለማንኛውም የታይሮይድ፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ያድርጉ፤ እነዚህም ያዘነጋሉ፣ ይታከማሉም።

የሆርሞን ሕክምና በማረጥ ጊዜ በድንገት ለሚመጣው የሰውነት ሙቀትና ለላቡ ይረዳል፤ የመርሳት ሕመምን ለመከላከል ብቻ ተብሎ ግን አይታዘዝም። ከ45 ዓመት በፊት ያረጡ ሴቶች ጉዳይ የተለየ ስለሆነ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት።

በደብዳቤዎ ውስጥ እኔን የያዘኝ ቴሌቪዥኑ ነው፤ ማስጮኽዎ ጆሮዎ ስለደከመ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ሪፖርት ሊታረሙ የሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት ሕመም መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። በመካከለኛ ዕድሜ ከሚጀምሩት ውስጥ የመስማት ችግርና መጥፎው ኮሌስትሮል ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ደም ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራም አሉበት። ጆሮ ሲደክም አንጎል ድምፅ በመለየት ይጠመዳል፤ ሰውየውም ቀስ በቀስ ከጨዋታ ይርቃል። በደንብ ያልተሰማ ስምም አይታወስም። ደም ግፊትዎንና ኮሌስትሮልዎን ያስለኩ፤ የጆሮ ምርመራውን ግን ያስቀድሙት። መስሚያ መሣሪያ ከታዘዘልዎ አይፈሩት፣ መሳቢያ ውስጥም አያኑሩት።