ሴሊኒየም በአፈርና በሰብል ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

መምህር፦ ሰላም ባሕር ዳሮችና አካባቢው። ሰውና እንስሳ በጥቂቱ ስለሚያስፈልጋቸው ንጥረ ነገር፣ ስለ ሴሊኒየም፣ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት መጥቻለሁ። የኔ ሙያ አፈርና ሰብል ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

ጣና ዳር፦ መምህር፣ ሴሊኒየም የተክልን ኢንዛይም ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው?

መምህር፦ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ምክንያቱን ያምታታዋል። በሰውና በእንስሳት ውስጥ ሴሊኒየም የኢንዛይሙ አካል ነው። ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ በሚባለው ኢንዛይም ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ሩዝ ግን እንዲህ ያለ ኢንዛይም የላቸውም፤ የነሱ አቻ የሚሠራው በሰልፈር ነው። ትንሽ ሴሊኒየም ሲያገኙ ካታሌዝና ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባሉት ተከላካይ ኢንዛይሞች ከፍ የሚሉት የተክሉ የመከላከል ሥርዓት ስለሚነቃ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ሴሊኒየም የሰልፈርን ቦታ ይዞ ፕሮቲን ውስጥ ይገባል፣ ፕሮቲኑም ይበላሻል። ያኔም ቢሆን ኢንዛይሙ መጀመሪያ ላይ ከፍ ሊል ይችላል፤ ተክሉ ተጨንቆ ነዋ! ስለዚህ «ካታሌዝ ጨመረ፣ ሰብሉ ተጠቀመ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ አትቀበሉ። የሥሩና የቅጠሉ ክብደት የታለ በሉ።

ዋልካ፦ ለማሳዬ ስንት ልጨምር?

መምህር፦ የት ያለ ማሳ? ምን አፈር? ምን ሰብል? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ዋልካ፦ ፎገራ፣ ሩዝ።

መምህር፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ውሃ የተኛበት አፈር አየር ያጣል። ሴሊኒየሙም ሥር ወደማያገኘው ዓይነት ይለወጣል፣ መሬት ላይ ብትበትነው ይባክናል። ቅጠል ላይ መርጨት ይሻላል። በእንግሊዝ አገር ስንዴ ላይ የተሞከረው በሄክታር 10 ግራም ገደማ ነው፣ ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) 2.5 ግራም መሆኑ ነው። ይህን በሱቅ ሚዛን መመዘን አይቻልም፤ በእጅህ እንዳትሞክረው። ፊንላንድ በ1984 እ.ኤ.አ. ስትወስን ሴሊኒየሙ ማዳበሪያው ውስጥ በፋብሪካ እንዲቀላቀል ያደረገችው በምክንያት ነው።

አዴት፦ የኛ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው። ኖራ ብንጨምርበት ሴሊኒየሙም ይለቃል?

መምህር፦ በከፊል፣ አዎ። ኮምጣጣ አፈር ውስጥ ሴሌናይትን (አንዱን የሴሊኒየም ዓይነት) አጥብቆ የሚይዘው የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ኖራ ያንን ያላላል። አፈሩ ከመሠረቱ ድሃ ከሆነ ግን ኖራ ሴሊኒየም አይፈጥርም።

ዓባይ ማዶ፦ ኖራው ውድ ነው። የጣናን እምቦጭ አረም አበስብሰን ማሳ ላይ ብናደርገውስ? ሐይቁም ይጸዳል።

አዴት፦ ዘሩን ማሳ ላይ ልትዘራልን ነው?

ዓባይ ማዶ፦ ክምሩ በደንብ ከሞቀ ዘሩ ይሞታል እኮ።

አዴት፦ ማን ነው ሙቀቱን የሚለካው?

መምህር፦ እምቦጭ ሌላ ቀን። ለዛሬው ግን፣ ብስባሽ ራሱ ሴሊኒየሙን ሥር እንዳያገኘው አጥብቆ ሊይዝ ይችላል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ሰልፈርም ሴሌኔት ከሚባለው ከሌላው የሴሊኒየም ዓይነት ጋር ይሻማል፤ ሥር ውስጥ የሚገቡት በአንድ በር ነው።

እናት፦ ለልጆቼ ክኒኑን ልግዛላቸው?

መምህር፦ ሐኪም ጠይቂ እህቴ። ልጆችን በተመለከተ አልመልስም።

ተማሪ፦ የማስተርስ ሥራዬ ሴሌናይት በአፈር ኢንዛይሞች ላይ የሚያመጣውን ለውጥ መለካት ነው። አፈሩን ፀሐይ ላይ አድርቄ ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም ብለካ ችግር አለው?

መምህር፦ አለው! ዲሃይድሮጂኔዝ የሚሠራው ሕያው ሴል ውስጥ ብቻ ነው። አፈሩን ስታደርቀው ሴሊኒየሙ ሳይነካው አንተ ገደልከው ማለት ነው። እርጥቡን አፈር በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ንፋው፣ በቅዝቃዜ አቆየው፣ ቶሎ ለካ። ዩሪዬዝና ፎስፋቴዝ የሚባሉት የአፈር ኢንዛይሞች ግን በከፊል ከሸክላና ከብስባሽ ጋር ተጣብቀው ስለሚቆዩ እንደሱ ቶሎ አይጎዱም። ሴሌናይት ሲበዛ መጀመሪያ የሚመታው ረቂቅ ሕዋሳቱን ስለሆነ ቀድሞ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ዲሃይድሮጂኔዝ ነው። ሌላም አለ። የምትለካው ቲቲሲ በሚባለው ኬሚካል ከሆነ የሚወጣው ቀለም ቀይ ነው። ባክቴሪያዎችም ሴሌናይትን ወደ ቀይ ሴሊኒየም ይለውጣሉ። ቲቲሲ የሌለው ማነጻጸሪያ ካልያዝክ ሁለቱን ትቀላቅላለህ።

ፓፒረስ፦ ተክሉ ካላስፈለገው ታዲያ ለምን ትደክማላችሁ?

መምህር፦ ለሚበላው ሰው ነው ወንድሜ! በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የደም ጥናት በአገራችን እጥረቱ ሰፊ መሆኑንና ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ከራሱ ማሳ የሚበላ ከሆነ አፈሩ የነፈገውን ከየት ያገኘዋል? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ዋልካ፦ እና መምህር፣ በቁርጥ ስንት ግራም ልበትን?

መምህር፦ ምንም! መለስኩልህ እኮ። አትበትን፣ በእጅህም አትመዝን።

ተማሪ፦ መጠኑንስ ከስንት ልጀምር?

መምህር፦ ዜሮ፣ 0.5፣ 1፣ 2 እና 5 ሚሊግራም በኪሎ አፈር። ሴሌኔቱንና ሴሌናይቱን ለየብቻ አድርግ። ከአዴት ቀይ አፈር፣ ከፎገራ ደግሞ ዋልካ አፈር ውሰድ፤ ቀዩ ሴሌናይቱን ስለሚይዘው በአንዱ ብቻ ብትሠራ ውጤቱ ያሳስትሃል። የመጀመሪያው ዙር ቁጥር ሲወጣ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።