መልስ፦ አታሁዋልፓ በ1533 ከተገደለ 1572 ከየት መጣ?

የኢንካ መንግሥት (በደቡብ አሜሪካ፣ በዛሬዋ ፔሩ አካባቢ የነበረው) መቼ ወደቀ ሲባል 1533ም 1572ም ይጠቀሳል፤ ሁለቱም ዓመት ትክክል ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። 1533 የኢንካው ንጉሥ አታሁዋልፓ በስፔኖች እጅ የተገደለበት ነው። 1572 ደግሞ የመጨረሻው ነጻ የኢንካ መንግሥት፣ ቪልካባምባ፣ የወደቀበት። ያምታታህ በመሃል ያለው 39 ዓመት ነው።

ከአታሁዋልፓ በኋላ ማንኮ ኢንካ የተባለውን ያነገሡት ስፔኖች ራሳቸው ናቸው፤ እንደ አሻንጉሊት እናዘዋለን ብለው። አልሆነላቸውም። በ1536 ሸፈተና የኢንካዎቹን ዋና ከተማ ኩስኮን ለወራት ከበበ። ከተማዋን ማስለቀቅ ሲያቅተው በ1537 ወደ ቪልካባምባ ጫካ ወረደ። በኋላ የገደሉት ደግሞ ሸሽተው መጥተው እሱ ያስጠጋቸው ስፔናውያን ናቸው። አብረው ጨዋታ ላይ እያሉ ወጉት። ጉድ እኮ ነው!

ከዚያ ሦስት ልጆቹ ተተካኩ፦ ሳይሪ ቱፓክ፣ ቲቱ ኩሲ፣ ቱፓክ አማሩ። የመጨረሻው በ1572 ተይዞ ኩስኮ አደባባይ ላይ አንገቱ ተቀላ። በ1780 ያመፀው ቱፓክ አማሩ ሌላ ሰው ነው፤ ዳግማዊ የሚባለው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ማቹ ፒቹ (ተራራ ላይ ያለችው የኢንካ ፍርስራሽ) የኢንካዎች የመጨረሻዋ ዋና ከተማ ናት የሚል ጽሑፍ ካጋጠመህ እለፈው። እኔም በዚያ ተሸውጄ ነበር። ይህ የአሜሪካዊው አሳሽ የሂራም ቢንግሃም ስህተት ነው። ትክክለኛው ቦታ ቆላው ጫካ ውስጥ ያለው ኤስፒሪቱ ፓምፓ ነው። የሚገርመው፣ ቢንግሃም በ1911 እዚያም ደርሷል። በስፔን ዓይነት የተሠራ የጣሪያ ሸክላም አይቷል። ኢንካዎች ቤታቸውን የሚከድኑት በሣር ነበር፤ ስለዚህ ያ ሸክላ ከስፔኖች መምጣት በኋላ የተሠራ መሆን አለበት። እሱ ግን ፍንጩን እጁ ላይ ይዞ አለፈው።