ፋይሉን ተከትለሽ ሂጂ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ በሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ሹም ነኝ። አባሎቻችን ብድር ሲጠይቁ ከማመልከቻ እስከ ክፍያ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ቦርዱ ሶፍትዌር ይሠራልን ብሎ ወሰነና ሁለት ድርጅቶች ቀረቡ። አንደኛው «የምትፈልጉትን በሙሉ በሰነድ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ በስምንት ወር ጨርሰን እናስረክባለን» ይላል። ሁለተኛው «በአጃይል ነው የምንሠራው፤ በየሁለት ሳምንቱ እያሳየናችሁ እንቀጥላለን» ይላል። ሰብሳቢያችን የመጀመሪያውን ወደውታል፤ ዋጋው ቁርጥ ነው። እኔ ግን ልቤ አልረጋም። የቱን እንምረጥ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ቀልቤን የያዘው «ሦስት ሳምንት» ያልሽው ነው። ሦስቱ ሳምንት የት ነው የሚያልቀው? ማን ጠረጴዛ ላይ? ይህን ሳታውቂ ከሁለቱ የትኛውንም ድርጅት ብትቀጥሩ ገንዘባችሁ ያሳዝነኛል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በመዝገብ ቤት ነው። ኋላ ኮምፒውተር ተማርኩና በአንድ መሥሪያ ቤት የፈቃድ አሰጣጥ ሲስተም ከሠሩት አንዱ ሆንኩ። አንድ ማመልከቻ አሥራ አንድ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። እኛም አሥራ አንዱን ፊርማ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር አስገባናቸው። ይህ ፊርማ ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሥራ በጀመረ በወሩ ሄጄ ሳይ፣ ሠራተኞቹ ስክሪኑ ላይ ያለውን በወረቀት ያትማሉ፤ ፎቅ ወጥተው ያስፈርማሉ፤ ተመልሰው ኮምፒውተሩ ላይ «ጸድቋል» የሚለውን ይጫናሉ። ባለጉዳዩ ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። አንዲት እናት «ልጄ፣ አሁን ደግሞ መብራት ሲጠፋ ጨርሶ ቆመ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ማይክል ሐመር የተባለው አሜሪካዊ የሥራ አመራር ምሁር በ1990 እ.ኤ.አ. የጻፈው የመኪና አምራቹ የፎርድ ታሪክ ለአንቺ ሙያ ቅርብ ነው። ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ለዕቃ አቅራቢዎች የሚከፍለው ክፍል ከ500 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ኮምፒውተር ብናስገባ 20 በመቶ እንቀንሳለን ብለው አሰቡ። ከዚያ የጃፓኑን መኪና አምራች ማዝዳን አዩ። ማዝዳ ያንኑ ሥራ በ5 ሰው ነበር የሚሠራው። ማዝዳ ትንሽ ኩባንያ ነው ቢባል እንኳ ልዩነቱ አልታረቅ አላቸው። የፎርድ ሠራተኞች ቀናቸውን የሚጨርሱት የግዢ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና የአቅራቢውን የክፍያ መጠየቂያ ሲያመሳክሩ ነበር። ሦስቱ ካልተስማሙ ፍለጋ ነው። ፎርድ የክፍያ መጠየቂያውን ራሱን አስቀረው። ዕቃው ሲደርስ መጋዘን ያለው ሰው ትዕዛዙን ኮምፒውተር ላይ ያያል፤ ልክ ከሆነ ይረከባል፣ ክፍያው ይወጣል፤ ልክ ካልሆነ ዕቃው ይመለሳል። በዚያ ክፍል የሰው ኃይሉ በ75 በመቶ ቀነሰ።

ይህ የሥራን ሂደት ከሥሩ እንደ አዲስ የመቅረጽ ሐሳብ ቢፒአር ተብሎ እኛም አገር ገብቷል። «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚለውን መጠሪያ መቼም ታውቂዋለሽ። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግን የክፍሎቹን ስም መቀየርና የሠራተኛ ድልድሉን ነው። የሥራውን መንገድ እየተከተሉ ማየቱ፣ ዋናው ነገር እሱ ነበር።

ስለዚህ ባለፈው ወር ከተከፈሉት ብድሮች አሥር ፋይል አውጪ። እያንዳንዱ ፋይል ማን ጋ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ ጻፊ። የተሠራበትን ሰዓትና የተቀመጠበትን ቀን ለይተሽ ያዢ። መስኮት ላይ የምትቀመጠዋን ልጅ አብራሽ አድርጊ፤ ፋይል የት እንደሚያድር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግምቴን ልንገርሽ። የብድር ኮሚቴው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ከሆነ የሚሰበሰበው፣ የትኛውም ሶፍትዌር ያንን ቀን አያሳጥረውም። ትናንሽ ብድሮችን ሥራ አስኪያጁ እንዲያጸድቅ መፍቀድ ያሳጥረዋል። መተዳደሪያ ደንባችሁ ይህን ካልፈቀደ ለጠቅላላ ጉባኤ ማቅረብ ነው። ዋሱ የሌላ ሰው ዋስ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ መዝገብ ሲገለበጥ ሁለት ቀን የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ፣ እዚህ ላይ ሶፍትዌር በእርግጥ ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የመጀመሪያው ድርጅት መንገድ ዋተርፎል፣ ፏፏቴ እንደማለት ነው፣ ይባላል፤ አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ይወረዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ዊንስተን ሮይስ የተባለው የሶፍትዌር ባለሙያ በ1970 እ.ኤ.አ. ደረጃዎቹን በሥዕል ሲያሳይ፣ በዚህ መልክ ቀጥ ብሎ መውረድ አደጋ እንዳለው ራሱ ጽፏል። ስህተቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ፣ ሙከራ ሲጀመር ነው። ሁለተኛው መንገድ አጃይል የሚለውን ስሙን ያገኘው በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዩታ ግዛት 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ ነው። እነሱም ቢሆን ሰነድ አያስፈልግም አላሉም። የሚሠራ ሶፍትዌር ይበልጣል ነው ያሉት።

እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የወለድ ስሌቱን፣ የቅጣቱን ደንብና የአባላቱ የቁጠባ ሒሳብ ወደ አዲሱ ሲስተም የሚዛወርበትን መንገድ ግን አስቀድመሽ እስከ ሳንቲም ጻፊው። እሱ እያየን እናስተካክለው የሚባል ነገር አይደለም፤ የሰው ገንዘብ ነው። ሌላው፣ ማመልከቻው፣ የዋስ ማጣሪያው፣ ለአባሉ የሚላከው መልእክት፣ በየሁለት ሳምንቱ እየታየ ይሠራ።

የሰብሳቢያችሁ ስጋት ልክ ነው፤ አታጣጥይው። የአባላት ገንዘብ ይዘው ጫፉ በማይታይ ውል መግባት አይችሉም። ጠቅላላ ወጪው ከዚህ አይበልጥም የሚል ጣሪያ አስቀምጡ። ክፍያው ሠርቶ በታየ ሥራ ልክ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ ከሚታየው ሥራ ሁለት ዙር ተከታትሎ ካልሠራ ውሉን ማቋረጥ እንድትችሉ፣ ኮዱና ዳታውም የማኅበሩ እንዲሆን አስጽፉ። ለሰብሳቢው ይህንንም ንገሪልኝ፦ በቁርጥ ዋጋ በተፈረመ ሰነድ ላይ በአምስተኛው ወር «ይህቺ ቀርታለች» ስትሉ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ ትጠየቃላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እለምንሻለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ሥራው ሲታይ ከእናንተ በኩል «እሺ» ወይም «አይሆንም» ማለት የሚችል አንድ ሰው ይመደብ፤ ስሙም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። «ለቦርዱ አቅርቤ እመለሳለሁ» የሚል ሰው ከተቀመጠ ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ይሆናል። አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለኛል፤ ከሆንሽ ግን በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከሌላ ሥራሽ ይቀነስልሽ። የአሥሩን ፋይል ውጤት ስታገኚ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።